ሱፐርማን እና ሲንጀር

ሱፐርማን ሙታንታውን ከሱሪው በላይ የሚያደርገው ለምንድን ነው? ዕድሜዬ ሃምሳን ካለፈ በኋላ፣ ያውም በሥራ ቀን፣ ይህን ጥያቄ ሳወጣ ሳወርድ እንደምውል አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ጠበል ግባ እለው ነበር። መልስ ግን አለው። ጄሪ ሲግል እና ጆ ሹስተር የሚባሉ የክሊቭላንድ ወጣቶች የፈጠሩት ሱፐርማን እ.ኤ.አ. በ1938 ታትሞ ሲወጣ፣ አለባበሱ የተቀዳው በዚያ ዘመን በሰርከስ ድንኳን ብረት እያጎበጡ ሕዝብ ከሚያዝናኑት ጉልቤዎች ነበር። ጉልቤዎቹ ከጥብቁ ሱሪያቸው ላይ ቁምጣ ነገር ደርበው ነበር የሚቀርቡት። ታሪኩ ገብቶኛል። ታሪኩ ገባኝ ማለት ግን ሙታንታዬን ከላይ አድርጌ፣ ከቨርጂኒያ ተነስቼ፣ ድልድይ ተሻግሬ ዋሽንግተን እገባለሁ ማለት አይደለም።

ነገሩን ቤታችን ያስገባችው የአሥረኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ ናት። እራት ላይ ከስልኳ ቀና አለችና፣ "ዘንድሮ ኮሚክ ኮን ሁላችንም ለብሰን ነው የምንሄደው" አለች።

"ሳንለብስ የሄድንበት ቦታ አለ እንዴ?" አለች እናቷ፣ እንጀራ እየጨመረችልን።

ልጅቷ በትዕግሥት አስረዳችን። የኮሚክ መጽሐፍ፣ የፊልም፣ የካርቱንና የጌም ወዳጆች ለሦስት ቀን አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። ደራሲው ይመጣል፤ ሠዓሊው ይመጣል፤ ተዋናዩም ይመጣና በገንዘብ ይፈርማል። በየክፍሉ ፓነል የሚሉት ውይይት አለ፤ በትልቁ አዳራሽ ገበያ ይቆማል። ከሚመጣው ሰው ብዙው ደግሞ የሚወደውን ገጸ ባሕርይ ልብስ ሰፍቶ፣ ለብሶ፣ እሱን ሆኖ ይውላል፤ ኮስፕሌይ ይሉታል። ባንክ ቤት የሚሠራውም፣ አስተማሪውም፣ ነርሷም ይለብሳሉ። ማንም ማንንም "ምን ነካህ?" አይልም። እኔ ማመን ያቃተኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ቀይ ካልሲ አድርጌ ቤተ ክርስቲያን ብሄድ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤቴ የሚደርስበት መንደር ውስጥ ነው የምኖረው።

የእነዚህ ጉባኤዎች ሁሉ ታላቅ የሚባለው የሳን ዲዬጎው ነው። በ1970 ዩ.ኤስ. ግራንት በሚባል ሆቴል ውስጥ ሲጀመር የመጣው ሰው ሦስት መቶ ቢሆን ነው። ዛሬ ከ130,000 በላይ ሰው ይገባበታል። "ኤች" የተባለው አንዱ አዳራሹ ብቻ 6,500 ያህል ወንበር አለው፤ እዚያ ለመቀመጥ ሰው ብርድ ልብሱን ይዞ ደጅ ያድራል። እኛ የሄድነው ግን ለቤታችን ወደሚቀርበው፣ ከ2013 ጀምሮ በዋሽንግተን ወደሚደረገው ኦሰም ኮን ነው። ቦታው ዋልተር ኢ. ዋሽንግተን የስብሰባ ማዕከል ነው፤ ከናይንዝ ስትሪት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በእግር ይደረሳል። እኔም እሺ ያልኩት፣ ቢከፋ ቢከፋ ክትፎ በልተን እንመለሳለን ብዬ ነው።

ልጄ የመረጠችው ስቶርምን ነው። ስቶርም ከኤክስ ሜን ጀግኖች አንዷ ናት፤ በ1975 ሌን ዊን ጽፎ ዴቭ ኮክረም የሳላት፣ ነፋስና ዝናብ የምታዝ፣ ፀጉሯ እንደ ባዘቶ የነጣ ጥቁር ሴት። የነጭ ፀጉሩ ነገር ሲነሳ ቤት ውስጥ ጸጥታ ሆነ።

"ነጭ ፀጉር? በዚህ ዕድሜሽ?" አለች ባለቤቴ። "እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት ሂና ውስጥ ተነክሬ የኖርኩት ለምን መሰለሽ?"

ልጅቷ ብልህ ናት፤ የስቶርምን የዘር ሐረግ መቁጠር ጀመረች። አባቷ አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ ነው። እናቷ ግን የኬንያ ልዕልት ናት። ባለቤቴ ለዘብ አለች። "በሞያሌ በኩል ጎረቤት ናት" አለች። ስታዝዘው ዝናብ እንደሚዘንብላት ስትሰማ ጭራሽ ልቧ ገባች። የገበሬ ልጅ ናት፤ ዝናብ የሚያዘንብን ሰው በፀጉሩ ቀለም አትገምትም።

እዚህ ላይ ስለ ባለቤቴ መናገር አለብኝ። አዲስ አበባ ሳለች ሽሮ ሜዳ የሙሽራ ካባ ትሰፋ ነበር። ከሰፋቻቸው ካባዎች መካከል በፎቶ አልበም ውስጥ ተቀምጠው የአሥራ አምስት ዓመት ትዳር ያሳለፉ አሉ፤ ትዳሩ ፈርሶ ካባው የቀረም አለ። እዚህ አንድ ላውንደሪ ውስጥ የሰው ሱሪ ታሳጥራለች፤ ዚፕ ትቀይራለች። ሲንጀሯ መኝታ ቤት ጥግ ጨርቅ ለብሶ ይቀመጣል። ልጅቷ የስቶርምን ሥዕል ስታሳያት መነጽሯን አደረገች፤ ስልኩን አቀረበች፤ አራቀች። የስቶርም ካባ ጥቁር ነው፤ ከትከሻዋ ወርዶ በሁለት እጆቿ አንጓ ላይ ይያያዛል፤ እጇን ስትዘረጋ አብሮ ይዘረጋል።

"ይሄን የሳለው ሰው ልብስ ሰፍቶ አያውቅም" አለች። "ገበሩ የታለ? ትከሻው ላይ ስፌት የለውም። ይሄ ሁሉ ጨርቅ አንጓዋ ላይ ሲንጠለጠል ክብደቱን ምን ይሸከመዋል? ልጅቷ እኩለ ቀን ሳይሞላ ክንዷ ይዝላል።"

"እማ፣ እሷ እኮ ትበራለች።"

"ብትበርስ? ትከሻ የላትም?"

በማግስቱ ሲንጀሩ ከመኝታ ቤት ወጥቶ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ጉብ አለ፤ እኛ እራታችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን መብላት ጀመርን። ጥቁር ከፋይ ተገዛ። የልጅቷ ልክ ተወሰደ። ከአገር ቤት አምጥታ ለማን እንደምታስቀምጠው ነግራን የማታውቀው ወርቀ ዘቦ ከሻንጣ ወጣ። ልጅቷም በበኩሏ የግንባር ጌጡንና አምባሮቹን ከፎም ትሠራለች፤ ሕፃናት የሚጫወቱበት ምንጣፍ የሚሠራበትን ፎም ማለቴ ነው። በስለት መቁረጥ፣ ሙቅ አየር በሚተፋ መሣሪያ አለሳልሶ ማጉበጥ፣ በማስቲሽ ማያያዝ፣ ከዚያ ቀለም። ስትጨርስ ብረት ነው ብሎ የማይምል የለም። ቤቱ ግን ቡና ሲፈላም ማስቲሽ ማስቲሽ ይል ነበር። እንግዳ ሲመጣ ጫማ መጠገን ጀመራችሁ ወይ ተብለናል።

የእኔ ተራ ደረሰ። ሙታንታውን እንቢ ስል ልጄ ሳትጨነቅ፣ "እንግዲያው ክላርክ ኬንትን ሁን" አለችኝ። ክላርክ ኬንት ሱፐርማን ራሱ ነው፤ ሥራ ቦታ ሲሆን። ሙሉ ልብስ፣ ከረባት፣ መነጽር፤ ከሸሚዝ ሥር የ"ኤስ" ምልክት ያለባት ሰማያዊ ካናቴራ። ካናቴራዋን ገዛች፤ የቀረውን እኔ ሁሌም የምለብሰው ነው።

ኋላ ሰውየውን ሳጠናው ዘመዴ ሆኖ አገኘሁት። በሕፃንነቱ ከሌላ ዓለም መጥቶ ካንሳስ አረፈ፤ ቪዛውን ያየለት የለም። አገሩ ክሪፕተን ፈርሷል፤ ልመለስ ቢል የሚመለስበት የለውም። ካል ኤል የነበረው ስሙ እዚህ ለሚጠሩት እንዲቀላቸው ክላርክ ሆኗል። ቀን ጋዜጣ ቤት ይሠራል፤ ከዚያ ሲወጣ ሌላ ሥራ አለው፤ የዚያኛውን ደሞዝ የሚከፍለው የለም። መቼ እንደሚተኛ እግዜር ይወቀው። ይህ ሰው ሐበሻ ካልሆነ ሐበሻ ማን ነው? ፈጣሪዎቹም ቢሆኑ ወላጆቻቸው ከአውሮፓ የተሰደዱ የአይሁድ ልጆች ነበሩ፤ የመጀመሪያውን ታሪክ ከነመብቱ የሸጡት በ130 ዶላር ነው። ለሁለት የሚካፈል 130 ዶላር! ስደተኛ ጉልበቱን ብቻ አይደለም በርካሽ የሚሸጠው።

ቀኑ ደርሶ መኪናችንን ያቆምንበት ፓርኪንግ የተቀበለን የኛው ልጅ ነበር። በዋሽንግተን ፓርኪንግ ሐበሻ ካላጋጠመህ ቀኑ በዓል ነው ማለት ነው። ጥቁር ሙሉ ልብሴን አየና ፊቱን አጠየመ።

"ጋሼ፣ ሰርግ ነው ለቅሶ?"

ከረባቴን ገለጥ፣ ሁለት ቁልፍ ፈታ አድርጌ "ኤስ"ን አሳየሁት። ዝም አለ። ዓይኑን ወደ ልጄ ነጭ ዊግ አዞረ፤ ከዚያ ልብስ ያልቀየረችውን ባለቤቴን አገኘና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እትዬ፣ ደህና ናቸው?" አላት።

"እኔ ልብሱን ነው የሰፋሁት" አለችው። "ለሌላው አልጠየቅም።"

"ካባው ግን ያምራል" አለ፣ ቁልፉን እየተቀበለ።

ባለቤቴ ኮስፕሌይ አላደረገችም። የሰንበት ቀሚሷን ለብሳ ቦርሳዋን አንጠለጠለች፣ አለቀ። ቦርሳዋ ውስጥ ክር፣ መርፌ፣ አንድ ሙሉ ፓኬት መርፌ ቁልፍና ሜትሯ አሉ። መቀሷን መኪና ውስጥ አስቀረናት፤ እንዲህ ያለ ጉባኤ ላይ ስለት ያለው ነገር አይገባም። የመሣሪያ ምርመራ ራሱን የቻለ ትርዒት ነው። ቁመቱ ከባለቤቱ የሚበልጥ ሰይፍ፣ ባለ ሁለት አፍ መጥረቢያ፣ ጦር፣ የጨረር ጠመንጃ ተራ በተራ ጠረጴዛ ላይ ይጋደማል። ፈታሹ ያነሳል፣ ይመዝናል፣ ጋራ የሚያህል ሰውዬ "ፎም ነው፣ ፎም ነው" እያለ ይለማመጣል፤ ከዚያ ታይቷል የሚል ምልክት ይታሰርለታል።

ውስጥ ስትገባ ዓይንህ የት እንደሚያርፍ አያውቅም። ዳርት ቬደር የሕፃን ጋሪ ይገፋል። ሸረሪቱ ሰውዬ ጭምብሉን እስከ አፍንጫው ሰብስቦ ቡና ይጠጣል። የልጅ ልጅ ያዩ የሚመስሉ ሴትዮ ወንደር ውመንን ለብሰው፣ ጋሻቸውን ደገፍ ብለው እግራቸውን ያሳርፋሉ። አንዱ ተሽከርካሪ ወንበሩን የጠፈር መንኮራኩር አድርጎታል፤ ሁሉም መንገድ ይለቅለታል። እኔን ግን ማንም ዞር ብሎ አያየኝም። ለካስ ክላርክ ኬንት መሆን ማለት ይኸው ነው።

ልጄ ወደ ሥዕል ሻጮቹ ሄደች፤ እኔ ወደ ፓነል። ስብሰባ ለሐበሻ ማን ያስተምረዋል? ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ አምስት ወንበር፣ በየወንበሩ ፊት ስምና ውሃ፣ ዳር ላይ ሰዓቱን የሚያይ አወያይ። ከግድግዳው ቀለም በቀር ሁሉንም አውቀዋለሁ። ትልልቆቹ አዳራሾች ለእኔ አይደሉም፤ ተዋናዩ ባለፈው ዓመት ሌላ ከተማ የተናገረውን ቀልድ ይደግማል፣ ሕዝቡ አዲስ እንደሰማ ይስቃል። ወርቁ ያለው ትንንሾቹ ክፍሎች ውስጥ ነው። ዊግ እንዴት ይቀለማል የሚል አለ፤ የኮሚክ ፊደል በእጅ መጻፍ የሚያስተምር አለ። የገባሁት ኮሚክና ፊዚክስ ወደሚለው ነው።

ርዕሱ የግዌን ስቴሲ ሞት ነበር። በ1973 በወጣው የ"አሜዚንግ ስፓይደር ማን" 121ኛ ቁጥር ላይ ክፉው ግሪን ጎብሊን የስፓይደር ማንን ፍቅረኛ ከድልድይ ላይ ይጥላታል። ስፓይደር ማን ድሩን ወርውሮ ውሃው ጋ ሳትደርስ እግሯን ይይዛታል። ደስ ብሎት ጎትቶ ሲያወጣት ሞታለች። አንባቢ ለዓመታት የተከራከረው፣ ማን ነው የገደላት በሚለው ነው፤ የጣላት ወይስ የያዛት? ሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት የፊዚክስ ፕሮፌሰር ጄምስ ካካሊዮስም ስለ ጀግኖች ፊዚክስ በጻፉት መጽሐፍ ይህንኑ አስልተውታል። የፓነሉ ሰው ሰሌዳ ላይ አሳየን። ሰው ከከፍታ ሲወድቅ የሚገድለው መውደቁ አይደለም፤ በቅጽበት መቆሙ ነው። ድሩ ባንድ ጊዜ ቀጥ ሲያደርጋት አንገቷ አልቻለውም። መኪና ውስጥ ያለው ኤርባግም የሚያድነን የመቆሚያውን ጊዜ ትንሽ ስለሚያረዝመው ነው። ድሩ እንደ ላስቲክ ቀስ ብሎ ተለጥጦ ቢሆን ትተርፍ ነበር። እኔ ፊዚክስ ተምሬ በሲ ነው ያለፍኩት፤ በዚያች ልጅ ሞት ግን ገባኝ።

ከዚያ አወያዩ ጥያቄ ያለው ወደ ማይክሮፎኑ ይምጣ አለ። ሰልፉ ፊት የነበረው ወፈር ያለ፣ ጢሙን ያጎፈረ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

"የእኔ ጥያቄ አይደለም፤ አስተያየት ነው" አለ።

ወንበሬ ላይ ተመቻቸሁ። የዕድራችን ጠቅላላ ጉባኤ የገባሁ መሰለኝ። ሰውየው አመስግኖ፣ ፓነሉን አድንቆ፣ ወደ ነገሩ ገባ። ጽሑፉ ድልድዩን ጆርጅ ዋሽንግተን ይለዋል፤ የተሳለው ግን የብሩክሊን ድልድይ ነው። የድልድዮቹ ቁመት ስለሚለያይ ስሌቱ በየትኛው ነው የተሠራው? ከኋላ አንዱ "ጽሑፉ ነው የሚገዛው!" አለ። ሌላው "ሥዕሉ ነው!" አለ። አወያዩ "ጥያቄውን ቢያሳጥሩልን" ሲል ባለ ጢሙ "ልጨርስ ነው" አለና አዲስ ነጥብ ከፈተ። ወደ ድምፅ መስጠት ሊኬድ ምንም አልቀረው። እኔ የሥዕል ደጋፊ ሆኜ አጨበጨብኩ፤ ሰው ዓይኑን እንጂ ጽሑፍ እንዴት ያምናል?

ከክፍሉ ስወጣ ልጄ ኮሪደሩ ላይ ፎቶ ትነሳለች። እዚህ ላይ እንደ አባት የምመሰክረው ነገር አለ። አንድም ሰው ሳይጠይቅ አላነሳትም። "ፎቶ ላነሳሽ?" ይላል፤ እሺ ካለች እጇን ዘርግታ ትቆማለች፤ አይ ካለች አመስግኖ ያልፋል። ካባውን እንኳ ሳያስፈቅድ የሚነካ የለም። ይህ ወግ ዝም ብሎ አልመጣም። ልብስ ለብሳ የመጣችን ሴት ሁሉ መነካካት መብት የሚመስላቸው ሰዎች ስለበዙ የኒው ዮርኩ ኮሚክ ኮን ከ2014 ጀምሮ ኮስፕሌይ ፈቃድ ማለት አይደለም የሚል ትልልቅ ማስታወቂያ አቆመ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። የኛ አክስቶች ጉንጭ ከመቆንጠጣቸው በፊት የሚያነቡት አንድ እንዲህ ያለ ሰሌዳ በየሰርግ አዳራሹ በር ላይ ቢቆም አልጠላም።

ድንገት "ክሽ!" የሚል ድምፅ ተሰማ። አንድ ቶር፣ የነጎድጓዱ አምላክ፣ ከነመዶሻው ቆሞ ቀይ ካባው ከግራ ትከሻው ተገንጥሎ እስከ ወለሉ ተንጠልጥሏል። ፊቱ የሚያለቅስ ልጅ ፊት ሆነ። ባለቤቴ ቦርሳዋን ስትከፍት አየሁ።

"ና ወዲህ" አለችው። በአማርኛ ነው ያለችው፤ እሱም መጣ። አጎነበሰላት። ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣ በመርፌው ቀዳዳ አሾልካ፣ የትከሻውን ማሰሪያ ደርባ ጠቀመችለት፤ ከሥሩ ሁለት መርፌ ቁልፍ ሸጎጠች። "ልጄ፣ ይሄን በሙጫ ነው እንዴ ያጣበቅከው?" አለችው፤ ይህን በእንግሊዝኛ። ቶር በሙጫ መሆኑን አመነ። ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

ያን ጊዜ ነው ከራስ እስከ እግሯ የፎም ጥሩር የለበሰች አንዲት ወጣት የልጄን ካባ ጠርዝ አስፈቅዳ የያዘችው። ተንበርክካ ልታየው ፈልጋ ጉልበቷ አልታጠፍ አላት፤ ጓደኛዋ በብብቷ ደግፋ አወረደቻት። ጠርዙን ገለበጠችው። የውስጡን ስፌት ፈለገች፤ የለም። ገበሩ ውጦታል። ጣቷን በእጥፋቱ ላይ ስታስኬድ በየስንዝሩ ክብ ነገር አጋጠማት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ሳንቲም" አለች ባለቤቴ። "ከፋይ ብቻውን አይወርድም፤ ሥሩ ላይ ክብደት ይፈልጋል።" ከአገር ቤት በኪስ ተርፈው የመጡ፣ ዛሬ ከረሜላ እንኳ የማይገዙ የአሥር ሳንቲም ድቃቂዎች ናቸው፤ እየከፋፈለች ጠርዙ ውስጥ ዘምዝማቸዋለች።

ቀጥሎ ትከሻውን አሳየች። ከካባው ሥር፣ ከውጭ የማይታይ፣ ጀርባ ላይ የሚጠላለፍ ማንገቻ አለ፤ ክብደቱ በሙሉ እዚያ ላይ ነው የሚያርፈው። አንጓዋ ላይ የተያያዘው ለዓይን ብቻ ነው። ልጄ ከጠዋት ጀምሮ እጇን ስትዘረጋ ያልደከማት በዚህ ነው። ሰው መሰብሰብ ጀመረ። አንዱ ማስታወሻ ያዘ። ባትማን፣ ወርቀ ዘቦው ከፋይ ላይ ሳይሸበሸብ እንዴት እንደተሰፋ ጠየቀ፤ "መጀመሪያ በእጅ፣ ኋላ በማሽን፤ ካውያ ከፊት በኩል አይነካውም" ተባለ። ሌላዋ ጨርቁን የት እንደገዛች፣ ሌላው ስንት ሜትር እንደፈጀ ጠየቀ። ማንም "አስተያየት አለኝ" አላለም። ላውንደሪ ውስጥ ሱሪ ተቀብለው "ነገ ይደርሳል?" ከማለት ሌላ ቃል የማይናገሯት ዓይነት ሰዎች እኮ ናቸው፤ ምናልባትም ራሳቸው። እኔ የገባሁበት ፓነል ውስጥ ይህን ያህል ሰው አልነበረም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያነበብኩት አንድ ታሪክ አለ። የዚህ ልብስ መልበስ ጅማሬ የሚባለው በ1939 ኒው ዮርክ በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም የሳይንስ ልብ ወለድ ጉባኤ ነው። ፎረስት አከርማን የሚባል ወጣት ካባ ያለው የመጪው ዘመን ልብስ ለብሶ ገባ፤ ስሙም በየመጽሐፉ ተጻፈ። አብራው የገባችው መርትል ዳግላስ ናት። የእሱንም የራሷንም ልብስ የሰፋችው እሷ ነበረች። ለብዙ ዓመታት ስሙ የእሱ፣ ስፌቱ የእሷ ሆኖ ኖረ። በሚቀጥለው ዓመት ቺካጎ ላይ የልብስ ውድድር ተጀመረ፤ ዛሬ በትልልቆቹ ውድድሮች ዳኞች መድረክ ላይ ከማየታቸው በፊት ልብሱን ገልብጠው የውስጥ ስፌቱን ይመረምራሉ። ጀማሪ ከጀማሪ፣ ባለሙያ ከባለሙያ ጋር ይወዳደራል። በዚህ ዳኝነት ውስጥ የሽሮ ሜዳ ሴቶች ቢገቡ ማን እንደሚያሸንፍ ለመናገር ፕሮፌሰር አያስፈልግም።

ወደዚያ ኮሪደር ልመለስና፣ ባለቤቴን አንዲት ልጅ፣ ከጀግኖቹ ሁሉ ማንን እንደምትወድ ጠየቀቻት። ባለቤቴ ባትማንን ከሌሊት ወፍ የማትለይ ሰው ናት። ቶሎ ብላ "ሩት ካርተርን" አለች። ሩት ካርተር የ"ብላክ ፓንተር"ን ልብሶች ያዘጋጀች ናት፤ በ2019 ኦስካር አገኘች፤ በ2023 ደግሞ በሁለተኛው ፊልም ደገመች። ልጅቷ ሳቀች፤ ከዚያ ደረቷ ላይ እጇን አድርጋ፣ ትክክል ነሽ አለቻት።

ክትፎውን በልተን፣ ማታ ፓርኪንጉ ስንደርስ የኛው ልጅ ፈረቃውን ጨርሶ ሄዶ ነበር፤ ተተኪው ደግሞ ልብሴን አይቶ የነፍስ ይማር ፊት አሳየኝ። ልጄ ኋላ ወንበር ላይ ዊጓን አውልቃ አንቀላፋች። ባለቤቴ የኮሪደሩ ሰዎች ስልካቸውን የጻፉባቸውን ወረቀቶች እየለየች ነበር።

ሲንጀሩ እስካሁን ወደ መኝታ ቤት አልተመለሰም። ለሚመጣው ዓመት አንድ የዶክተር ስትሬንጅ ቀይ ካባ፣ አንድ የንግሥት መጎናጸፊያና የዚያ የቶር አዲስ ካባ ታዟል፤ ከላውንደሪውም የአንድ ቀን ፈቃድ በሳምንት ጠይቃለች። ከአንባቢዎቻችን ካባ ማሰፋት የሚፈልግ ካለ ልኩንና ቀብዱን ይዞ በጊዜ ይምጣ፤ ያለ ቀብድ አትቀበልም። በሙጫ የተጣበቀ ነገር ይዞ የሚመጣ ግን ቁጣውንም አብሮ ይቀበላል።